በአራት ምት የመውደቅ ጥቅም

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.። አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ከተማ። ኮሎኒያል በተባለው የጎልፍ ሜዳ፣ አሥረኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ አንዲት የ32 ዓመት ስዊድናዊት ዱላዋን ይዛ ቆማለች። ስሟ አኒካ ሶረንስታም ነው። በግራ በቀኝ ሕዝቡ ተጨናንቋል፤ የካሜራው ብዛት ለብቻው ሌላ ሰልፍ ነው። አብረዋት የሚጫወቱት ዲን ዊልሰንና አሮን ባርበር ወንዶች ናቸው። በዚያ ውድድር የተመዘገቡት ሌሎቹም በሙሉ ወንዶች ናቸው። ፒጂኤ ቱር በሚባለው የአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ውስጥ ሴት ተሰልፋ ከታየች አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

በጎልፍ ትልቁ፣ ርቀት የሚሰጠው ዱላ ድራይቨር ይባላል። እንዲህ ባለ ቀን፣ ይህን ያህል ዓይን እያየ፣ ማንም ሰው ትልቁን ዱላ መምዘዝ ያምረዋል። አኒካ ግን ድራይቨሯን ከቦርሳው አላወጣችውም። አራት ቁጥር ዉድ የሚባለውን፣ ርቀቱ ያነሰ ግን የሚታመን ዱላ አነሳች። መታች። ኳሷ ፌርዌይ በሚባለው የታጨደ የሣር መንገድ ላይ አረፈች። አኒካም ጉልበቷ የከዳት መስላ ተንገዳገደች፤ ሕዝቡም ሳቀ።

መጨረሻውን አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ አላለፈችም። በሁለት ቀን 145 ጊዜ መታች፤ ማጣሪያው 141 ላይ ቆመ፤ በአራት ምት ወደቀች። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ መውደቅ ነው፤ ምክንያቱም በስፖርት ዓለም እንደዚህ የተዋጣለት መውደቅ ብዙ አላየሁም።

ጎልፍን ለማታውቁት ሁለት ቃል ልበል። ጎልፍ ትንሽ የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ሜዳው 18 ጉድጓድ አለው። ጎበዝ ተጫዋች ኮሎኒያልን በ70 ምት ይጨርሰዋል ተብሎ ይታሰባል፤ ይህ ልክ ፓር ይባላል። ውድድሩ አራት ቀን ይፈጃል። ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ይሰናበታሉ፤ ማጣሪያ የሚባለው ይህ ነው። ማጣሪያውን ያላለፈ ሽልማት የለውም፤ ቅዳሜና እሑድን እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን ያያል።

ታዲያ አኒካ ምን ጎድሏት ነው እዚያ የሄደችው? ምንም አልጎደላትም። በፈረንጆቹ 2001 በሴቶች ውድድር በአንድ ዙር 59 መትታለች፤ በኤልፒጂኤ፣ ማለትም በሴቶቹ ፕሮፌሽናል ማኅበር ውድድር፣ 60ን የሰበረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2002 ደግሞ 11 የኤልፒጂኤ ዋንጫ ወሰደች። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ከኋላዋ ከ40 በላይ ድል አለ፤ ገንዘብ አለ፤ ስም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተደላድሎ ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን አንድ ጥያቄ አስቸገራት፦ ከሚበልጡኝ መሃል ብገባ ልኬ የት ድረስ ነው?

ጥያቄው ሴት ከወንድ ትበልጣለች ወይ የሚል አልነበረም። ይህን ደጋግማ ተናግራለች፤ ራሴን ልፈትን ነው የመጣሁት ብላለች። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ሌላውን ላሳይ ብሎ የሚነሳ ሰው ካልተሳካለት ባዶ እጁን ይመለሳል። ራሴን ልለካ ብሎ የሄደ ግን ቢያንስ ልኬቱን ይዞ ይመለሳል።

ደግሞ ይህች ሴት ተፈጥሮዋ ደፋር የሚባል አይደለም። በልጅነቷ በጣም ዓይን አፋር ነበረች። የታዳጊዎች ውድድር ስታሸንፍ ሕዝብ ፊት ቆማ ንግግር ማድረግ ግድ ስለሚሆንባት፣ እሱን ሽሽት መጨረሻ ላይ ሆን ብላ ኳስ እያበላሸች ሁለተኛ ትወጣ ነበር። አሠልጣኞቿ ነገሩ ሲገባቸው መላ ዘየዱ፦ ሁለተኛ የወጣውም ንግግር ያድርግ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ መውጣት ምን ይጠቅማል? አሸነፈች። ይህን ታሪክ የምወደው የጀግንነት ማማ ላይ ተወልደው ለእኛ የሚያወሩ ሰዎች ስለሰለቹኝ ነው። ማይክሮፎን የምትፈራው ልጅ ናት ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ የዓለም ካሜራ ፊት ለብቻዋ የቆመችው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። አነቃቂ ተናጋሪዎቻችን “ካመንክ ሁሉም ይቻላል” ማለት ይወዳሉ፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። እኔ ግን ይህን አልላችሁም፣ ምክንያቱም ማመን ብቻውን ኳስን 30 ሜትር አያስረዝምም። ኮሎኒያል ከ7,000 ያርድ በላይ ይረዝማል፤ ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ሴቶቹ በራሳቸው ውድድር የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች ከዚህ በብዙ መቶ ያርድ ያጥራሉ። ችግሩ የመንገዱ ርዝመት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ከመነሻው ኳሱ ያጠረበት ተጫዋች ለሁለተኛው ምት ግሪን ከሚባለው፣ ጉድጓዱ ካለበት ልስልስ ሣር ራቅ ብሎ ይቆማል። ሲርቅ ረዘም ያለ ዱላ ይመዛል። ረዘም ያለ ዱላ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ይልካታል፤ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ደግሞ ደረቅ ግሪን ላይ ስታርፍ አትቆምም፣ ትንከባለላለች። አጭር ዱላ የያዘው ወንድ ከላይ አውርዶ ጉድጓዱ አጠገብ ያስቀምጣታል። በአንድ ጉድጓድ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ በ36 ጉድጓድ ግን ተጠራቅሞ አራት ምት ይሆናል።

አኒካ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህም ያገኘችው ሜዳ ላይ ዝም ብላ አልዘለለችም፤ ኮሎኒያልን መርጣ ነው። ኮሎኒያል ፌርዌዩ ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ዛፍ ይበዛዋል። ኃይለኛውን ሳይሆን ቀጥ አድርጎ የሚመታውን ይሸልማል። የእሷ ሀብት ደግሞ ቀጥታነት ነው። ቀደም ብላም ብረት እያነሳች ሰውነቷን አጠንክራ ነበር። እንግዲህ ድፍረት ማለት ይህ ነው፦ ከባዱን ፈተና ትመርጣላችሁ፣ ከከባዱም ውስጥ የእናንተ ጥንካሬ ዋጋ የሚያገኝበትን።

መርካቶ ጥግ ሦስት መኪና ይዛ ልብስ የምትሰፋ ሴት ከትልቅ ፋብሪካ ጋር በብዛት ልፎካከር ብትል ዓይኗ እያየ ትከስራለች። ግን ለአንድ ሆቴል የሠራተኞች የደንብ ልብስ ጨረታ ብትገባስ? እዚያ የሚታየው ልክና ስፌቱ ነው። ጨረታው ላይ በዋጋ ብትሸነፍ እንኳ በስንት ብር እንደተሸነፈች ታውቃለች፤ የትኛው ወጪ እንዳስወደደባት ቤቷ ገብታ ትቆጥረዋለች። ሳትገባ የቀረችው ጎረቤቷ ግን ዛሬም “ለእኛ አይሰጡንም” እያለች ታወራለች። ምናልባትም ልክ ናት፤ ግን ቁጥር የላትም።

ስለ ወሬው ደግሞ ትንሽ እንጫወት። አኒካ ልትጫወት መሆኑ ሲሰማ ሁሉም አላጨበጨበም። የፊጂው ቪጃይ ሲንግ፣ በጊዜው ከዓለም ምርጦች አንዱ፣ ቦታዋ አይደለም፣ ማጣሪያውን ባታልፍ ደስ ይለኛል አለ። ከእሷ ጋር ከመደቡኝም እወጣለሁ ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ሌላ ውድድር አሸነፈና ዕረፍት ያስፈልገኛል ብሎ ከኮሎኒያል ቀረ። እውነቱን ለመናገር የሲንግ ንግግር ያን ያህል አያስቆጣኝም። ስሙን ሳይደብቅ፣ በግልጽ፣ የሚያስበውን ተናገረ። እኛ ሰፈር ያሉት ሲንጎች ፊት ለፊት “በርቺ” ብለው ከጀርባ የሚያሽሟጥጡት ናቸው፤ ከእነሱ ይልቅ እሱ ይሻላል። አኒካ ልምምዷን ቀጠለች። ለሲንግ መልስ ስታዘጋጁ የሚባክነው ጉልበት ከዱላችሁ ላይ የሚቀነስ ጉልበት ነው።

አብሯት የተመደበውን ዲን ዊልሰንን ግን አትርሱት። ይህ ሰው የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት፣ ለራሱም እንጀራ የሚታገል ተጫዋች ነው። ደረቱ ላይ “ሂጂ አኒካ” የሚል ባጅ ለጥፎ መጣ። ተፎካካሪዋ ነው እኮ! እሷ ብትበልጠው የሚሳቅበት እሱ ነው። ቢሆንም ለጠፈው። እህቶቻችን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየግንባታ ቦታው፣ በየጋራዡ ብቸኛ ሴት ሆነው ሲገቡ የሚያስፈልጋቸው ንግግር የሚያደርግላቸው አለቃ አይደለም፤ አጠገባቸው ቆሞ ሥራውን እየሠራ “አለሁ” የሚል አንድ ዲን ዊልሰን ነው። ወንድሞቼ፣ ይህ ቦታ ክፍት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ውጤቷ 71 ነበር፤ ከፓሩ አንድ ብቻ ይበልጣል። ከ14ቱ ፌርዌይ 13ቱን አገኘች። አንድ በርዲ፣ ሁለት ቦጊ፣ ሌላው በሙሉ ፓር። በርዲ ማለት ከሚጠበቀው አንድ ምት ማትረፍ፣ ቦጊ ማለት አንድ መክሰር ነው። ዓርብ ዕለት ግን ደከመች። 74 መታች። የመጨረሻውን ጉድጓድ ስትጨርስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላት፣ እሷም እንባዋ መጣ። በውጤት ሰሌዳው ላይ ከበታቿ የሰፈሩ ወንዶች ነበሩ፤ ከበላይዋ ያሉት ግን ይበዙ ነበር። የምችለውን ያህል ከፍታ ወጥቻለሁ፣ ወደ ራሴ ውድድር እመለሳለሁ የሚል ነገር ተናገረች። በወንዶቹ ፒጂኤ ቱር ዳግመኛ አልተጫወተችም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ለእኔ ግን የሚጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከኮሎኒያል በኋላ በኢሊኖይ ግዛት ኬሎግ-ኪብለር ክላሲክ በሚባለው የሴቶች ውድድር ገባች፤ አሸነፈች። በሰኔ የኤልፒጂኤ ሻምፒዮናን አሸነፈች። በነሐሴ መጀመሪያ የእንግሊዝን የሴቶች ኦፕን፣ ኮሪያዊቷን ሴ ሪ ፓክን በአንድ ምት በልጣ፣ ወሰደች። በዚህም በሙያዋ ዘመን ዋና ዋናዎቹን የሴቶች ዋንጫዎች ሁሉ አሟላች። ወደቀች የተባለችው ሴት እኮ ናት! ከጠንካራ ግሪን፣ ከጠባብ ፌርዌይና ከሺህ ካሜራ መጥታ ነው የለመደችው ሜዳ ላይ የቆመችው፤ የትናንቱ ጭንቀት የዛሬውን አቀለለላት። ፈተና ሲያልፉት ብቻ የሚጠቅም የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ክረምት ደግማችሁ ቁጠሩት።

ሴ ሪ ፓክም ዝም ብላ አልቀረችም። በዚያው ዓመት በጥቅምት በአገሯ በኮሪያ በወንዶች ፕሮፌሽናል ውድድር ገባች። ማጣሪያውን አለፈች፣ አሥረኛ ወጣች። አንዷ ያንኳኳችውን በር ሌላዋ ስትገፋው እንዲህ ይከፈታል።

ወደ ኋላ ብንመለስ በሩን መጀመሪያ ያንኳኳችው ቴክሳሳዊቷ ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ ናት። ይህች ሴት የተለየች ፍጥረት ነበረች። በ1932 የአሜሪካ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ ለብቻዋ እንደ አንድ ቡድን ተመዝግባ በቡድን አንደኛ ወጣች፤ ሁለተኛ የወጣው ቡድን በርካታ አትሌቶችን ያሰለፈ ነበር። ከሳምንታት በኋላ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በጦር ውርወራና በ80 ሜትር መሰናክል ወርቅ፣ በከፍታ ዝላይ ብር አገኘች። ጎልፍን በደንብ የያዘችው ከዚያ በኋላ ነው። በ1938 በሎስ አንጀለስ ኦፕን ከወንዶች ጋር ገባች፤ ማጣሪያውን አላለፈችም፤ ግን አብሯት ከተመደበው የትግል ስፖርተኛ ጆርጅ ዛሃሪያስ ጋር ተዋውቃ በዚያው ዓመት ተጋቡ። (ማጣሪያ ወድቆ ባል ማግኘትም አለ።) በ1945 ተመልሳ መጣች። በፊኒክስ 33ኛ፣ በቱሳን 42ኛ ወጣች፣ እስከ መጨረሻው ቀን ተጫውታ። ከዚያ ወዲህ በፒጂኤ ቱር ማጣሪያውን ያለፈች ሴት የለችም። ከወንዶቹ ውድድር ስትመለስ ደግሞ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በ1950 ኤልፒጂኤን ከመሠረቱት 13 ሴቶች አንዷ ሆነች። አኒካ 11 ዋንጫ የወሰደችበት ቤት ከመሐንዲሶቹ አንዷ ቤብ ነበረች። በ1953 ካንሰር ያዛት፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ በ1954 የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን በ12 ምት ልዩነት አሸነፈች። በ1956 በ45 ዓመቷ አረፈች።

ሱዚ ዌይሊን የሚያውቃት ግን ትንሽ ሰው ነው፤ እንደ እኔ ላለው አንባቢ ደግሞ ከሁሉም የምትቀርበው እሷ ናት። ዌይሊ የዓለም ኮከብ አልነበረችም። በኮነቲከት ግዛት በአንድ ክለብ ጎልፍ የምታስተምር፣ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ነበረች። በ2002 የግዛቱን የጎልፍ አስተማሪዎች ሻምፒዮና ወንዶቹን ጭምር በልጣ አሸነፈች፤ ያ ድል ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የግሬተር ሃርትፎርድ ኦፕን፣ ለእውነተኛ የፒጂኤ ቱር ውድድር፣ መግቢያ ነበር። ሻምፒዮናውን ስታሸንፍ ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት አጠር ካለ መነሻ ነው የመታችው። ሃርትፎርድ ላይ ግን መነሻው ከወንዶቹ ጋር እኩል ነው። ለውሳኔ ወራት ወሰደባት። ትወድቂያለሽ የሚሏት በዙ፤ እሷም ሒሳቡን ታውቀዋለች። ልጆቿ የሚያዩት ነገር ግን አሸነፈና እሺ አለች። በሐምሌ 2003 ገባች፤ 75 እና 78 መትታ አላለፈችም።

“ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” የሚል ተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ተረቱን የፈጠረው ሰው ዌይሊን አያውቃትም። በ2018 ይህቺው የወደቀች እናት የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። ማኅበሩ በ1916 የተመሠረተ፣ አብዛኞቹ አባላቱ ወንዶች የሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሴት መርታው የማታውቅ ተቋም ነበር። እዚያ ነገሩ ያለቀው በሴት ነው። ሃርትፎርድ ላይ ባትቆም ኖሮ ትመረጥ ነበር ወይ? ላትመረጥ ትችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ድምፅ የሰጡት ሰዎች በዚያ ክረምት ማን እንደሆነች አይተዋታል።

ስለ ሚሼል ዊ ሳልናገር ካለፍኩ ጽሑፉ የአንድ ወገን ይሆናል። በጥር 2004 የ14 ዓመት ልጅ ሳለች በተወለደችበት በሆኖሉሉ በሶኒ ኦፕን ከወንዶቹ ጋር ተጫወተች። 72 እና 68! ማጣሪያውን ያጣችው በአንድ ምት ነው። የአኒካ አራት ምት በልጅቷ ዘንድ አንድ ሆነች። ዓለም አበደ፤ ግብዣው ጎረፈ። እስከ 2008 ድረስ በፒጂኤ ቱር ስምንት ጊዜ ተሰለፈች። አንዱንም ማጣሪያ አላለፈችም። በ2006 በኮሪያ በወንዶች ውድድር አልፋ 35ኛ ደረጃን ተጋርታለች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ግን አልሆነም። በ2007 እጇ አንጓ ላይ ተሰበረ፣ ጨዋታዋም ተበላሸ። በኤልፒጂኤ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያነሳችው በ2009 ነው።

ፍርዴን ልስጥ። በልጅነቷ የወረደባት ትችት ግፍ ነበር፤ 14 ዓመት የሞላት ልጅ 68 ስትመታ የሚሰጣት ምክር ሳይሆን አድናቆት ነው። ነገር ግን በአኒካና በእሷ መካከል ያለውን ልዩነት ተማሩበት። አኒካ ከ40 በላይ ድል ይዛ አንድ ጊዜ ሄደች፣ ልኳን ወሰደች፣ ተመለሰች። ዊን ግን በዙሪያዋ ያሉ ትልልቅ ሰዎች በእኩዮቿ መሃል ማሸነፍን ሳትለምድ ደጋግመው ከበላዮቿ ጋር አሰለፏት። ከሚበልጡን ጋር መለካት መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የመውደቅ ልማድ ያስይዛል። ሥራ ከጀመራችሁ ገና ዓመት ያልሞላችሁ ወጣቶች በየሳምንቱ የማይቻል ነገር ላይ ራሳችሁን አትወርውሩ። የምታሸንፉበት ሜዳ ይኑራችሁ፤ ከእሱ እየተነሳችሁ አልፎ አልፎ ወደ ኮሎኒያል ሂዱ።

ዊም ቢሆን ጨዋታው አላለቀባትም። በ2012 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። በ2014 የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን አሸነፈች። ያ ውድድር የተካሄደው በፓይንኸርስት ቁጥር ሁለት ነው፤ ወንዶቹ የራሳቸውን ኦፕን ከሳምንት በፊት በዚያው ሜዳ ላይ ተጫውተው እንደወጡ። ከወንዶች ጋር ስትታገል የኖረችው ልጅ ትልቁን ዋንጫዋን ያነሳችው ወንዶቹ በረገጡት ሣር ላይ ነው።

ከእሷ በኋላም መሞከሩ አልቆመም። ብሪተኒ ሊንሲኮም በ2018 በኬንታኪ 78 እና 71 መትታ አላለፈችም። ሌክሲ ቶምፕሰን በ2023 በላስ ቬጋስ 73 እና 69 መታች፤ በሦስት ምት ወደቀች። የሁለቱንም ሁለተኛ ቀን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ሊንሲኮም ሰባት ምት፣ ቶምፕሰን አራት ምት አሻሻሉ። ለሁለቱም ፍርሃቱ ሐሙስ አለቀ፤ ዓርብ ጨዋታ ሆነ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመጀመሪያው ቀን ላይ አፋችሁ የደረቀ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

በእኛም ቤት ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ መንገድ ሲነሱ ምን እንደሚሆን አይተናል። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2023 በበርሊን፣ ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚሮጡበት ማራቶን፣ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገብታ በጊዜው የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ሰበረች። በ2025 ለንደን ላይ ደግሞ ሴቶች ለብቻቸው በሮጡበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብታ የዚያኛውን ዓይነት ክብረ ወሰን ያዘች። አትሌቲክሱ ሁለቱን ለይቶ የሚመዘግበው አብሮ መሮጥ ሰዓትን እንደሚያሳጥር ስለሚያውቅ ነው። ከፈጣን ጋር የሮጠ ይፈጥናል፤ ይህን ለማወቅ እንኳን ማራቶን፣ የሰፈር ሩጫም ይበቃል።

የጎልፉ ታሪክ ግን እስካሁን የነገርኳችሁ ላይ ቢቆም ደስ አይለኝም ነበር። አኒካ በ2008 ጡረታ ስትወጣ የኤልፒጂኤ ዋንጫዎቿ 72 ደርሰው ነበር። ከዚያም ከአገሯ ልጅ ከሄንሪክ ስቴንሰን ጋር ሆና በስዊድን ስካንዲኔቪያን ሚክስድ የሚባል ውድድር አስተናጋጅ ሆነች። 78 ወንዶች፣ 78 ሴቶች፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ዋንጫ፣ አንድ የሽልማት ገንዘብ። ሴቶቹ የሚመቱት አጠር ካለ መነሻ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ለሁለተኛው ምት ተቀራራቢ ዱላ እንዲይዝ። በኮሎኒያል ሁለት ቀን የለቀመችውን ትምህርት ሜዳው ላይ ሠራችበት ማለት ነው።

በዚሁ ውድድር፣ በሰኔ 2022 ሃልምስታድ ላይ፣ የ22 ዓመቷ ሊን ግራንት በመጨረሻው ቀን 64 መታች። በአራቱ ቀን ከፓር 24 ምት በታች ሆና ጨረሰች። ሁለተኛ የወጡት ማርክ ዋረንና ራሱ አስተናጋጁ ስቴንሰን ነበሩ፤ በዘጠኝ ምት በለጠቻቸው። ዲፒ ወርልድ ቱር በሚባለው የአውሮፓ የወንዶች ቱር ታሪክ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መነሻው አጠረላት የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አጥሯል። ግን ሌሎቹ 77 ሴቶችም ከዚያው መነሻ ነው የመቱት፤ ዋንጫውን የወሰደችው አንዷ ናት።

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። እየፈራችሁት የቆያችሁት አንድ ነገር አለ፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ሊሆን ይችላል፣ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት የኮንትራት ጨረታ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ደረጃ ከፍ ያለ የሥራ መደብ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ጥንካሬ ዋጋ የሚያገኝበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ የመዝጊያውን ቀን አንብቡና ቅጹን ዛሬውኑ ሙሉ። ካለፋችሁ እሰየው። ካላለፋችሁ በስንት እንደወደቃችሁ ሳትጠይቁ ከቢሮው አትውጡ፤ ቁጥሩንም ጻፉልኝ፤ ከሚያልፉት ደብዳቤ ይልቅ የናንተን አስቀድሜ አነባለሁ።